ያልተነበቡት ሁለት መስመሮች

የእህቴ የልጅ ልጅ ምሕረት በቀደም አንዲት ወረቀት ይዛ መጣችብኝ። እዚህ ቢቸና አሥረኛ ክፍል ትማራለች፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ አማርኛ ሳስተምር በኖርኩበት ግቢ ውስጥ ማለት ነው። ወረቀቷ ላይ «ራስን በግጥም መፈለግ» የሚል ርእስ ተጽፏል፤ ከሥሩ ልምምዶች ተደርድረዋል። ስምህን ሳትጠራ ማን እንደሆንክ ጻፍ። ከጠዋት ጀምሮ እጅህ የነካውን ሁሉ ጻፍ። እናንተ ቤት ብቻ የሚሰማ ድምፅ ካለ ጻፍ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ ለማንም ያልተናገርከውን አንድ ነገር በሁለት መስመር ጻፍ። ልጅቷ ስልኳን ባንድ እጇ፣ እስክርቢቶዋን በሌላው ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «እትዬ፣ እስቲ አንቱ ይጀምሩልኝ። እኔ ራሴን ከየት ጀምሬ እንደምፈልግ ግራ ገብቶኛል» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ የመጀመሪያዎቹን እንደ ቀልድ አስጀመርኳት። የመጨረሻው ልምምድ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። «ምነው?» አለችኝ። «ይቺንስ ድሮ ጽፌያት ነበር። ጠፋችብኝ» አልኳት። «ታዲያ ትዝ ይበልዎታ!» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች፤ ለእሷ ትዝ ማለት መብራት እንደማብራት ቀላል ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሞጣ ነበር። እናቴ ጧፍ ትሠራለች። ሞጣ ማር አይታጣም፣ ማር ባለበት ሰም አለ፣ ሰሙ ደግሞ ዞሮ ዞሮ እኛ ቤት ይገባል። እናቴ ፈትሉን ትዘረጋና የቀለጠውን ሰም ታጠጣዋለች፤ ገና ትኩስ ሳለ በመዳፏ እያሸች ታለሰልሰዋለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የደረቀውን አሥር አሥር እያደረግሁ አስራለሁ፣ እሷ ስትደክም ደግሞ ነክሬ አሻለሁ። ጣቶቼ ተለብልበው ተለብልበው ትኩስ ነገር የማይሰማቸው ሆነው ነበር። ጠረኑ ከጸጉሬ፣ ከሹራቤ፣ ከደብተሬ ቅጠል አይወጣም። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ዛሬ ደግሞ የማን ንግሥ ነው?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እንዴት ያናድደኝ ነበር መሰላችሁ! የእናቴን ሳሙና እየሰረቅሁ ምንጭ ወርጄ እጄን እስኪቀላ እፈትገዋለሁ። ዛሬ ሱቁ ሁሉ የፋብሪካ ሻማ ነው፤ ብታሸቱት ምንም አይልም። ቢቸና ገበያ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ሴትዮ የሰም ድቡልቡል ዘርግታ ታየች እንደሆነ፣ ጎንበስ ብዬ ዋጋ የምጠይቅ መስዬ አሸታለሁ። ሳልገዛ ስሄድ ሴትዮዋ ምን እንደምትለኝ እግዜር ይወቅ።

ከገበያው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ከበሩ በላይ ራዲዮ ተሰቅሏል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖም አሥር ሳንቲም። አንድ ቦምቦሊኖ ለሦስት ሴት ልጆች ሲካፈል ስኳሩ የደረሳት እንደ ዕድለኛ ትቆጠራለች። ወንዶቹ ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው፣ አፍሯቸውን አጎፍረው፣ ሚዶአቸውን ከኋላ ኪሳቸው ሻጥ አድርገው ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። እኛ ሽንሽን ቀሚሳችንን፣ የእናቶቻችንን ነጠላና ኮንጎ ጫማ አድርገን እናልፋለን። የናፍቆት ዘፈን ከተከፈተ ሳያልቅ ላለማለፍ ጎንበስ ብለን የጫማችንን ማሰሪያ እናጠብቃለን፤ ኮንጎ ጫማ ማሰሪያ እንደሌለው ወንዶቹ አንድም ቀን ልብ ብለው አያውቁም። ከዚያ ዘፈኑ ይቋረጥና አዋጅ ወይ መፈክር ይገባል። እኛም ቀና ብለን እንሄዳለን። የዚያን ዘመን ነገር ሲነሳ ሰው ብዙ ክፉ ነገር ያወራል፣ እውነቱንም ነው። ለእኔ ግን የሚመጣልኝ ያ ጥግ ነው። ዛሬ ቢቸና ላይ በየባጃጁ ሙዚቃ ይጮኻል፣ ሲፈልጉት ከመሐሉ ይጀምሩታል፣ ሲሰለቻቸው ይቆርጡታል። ዘፈን ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ካየሁ ቆየሁ።

አማርኛ ያስተማሩን መምህር ፈንቴ ይባላሉ። ከመርጡለ ማርያም ወዲህ ባለ የቅኔ ቤት ዓመታት ኖረው፣ ለመመረቅ ጥቂት ሲቀራቸው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የመጡ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ጥለው ኮት ለበሱ እንጂ አነጋገራቸውም አረማመዳቸውም ከዚያው አልወጣም። እኛም ከኋላቸው «የኔታ ኮት» እንላቸው ነበር፤ ፊት ለፊት ግን «የኔታ» ብቻ። የዛሬዎቹ በወረቀት አትመው የሚያድሉትን ልምምድ እሳቸው በጠመኔ ነው የሰጡን። አንድ ቀን ገቡና ሰሌዳው ላይ «እኔ» ብለው ጻፉ። «ስማችሁን ሳትጠሩ፣ ያባታችሁን ስም ሳትጠሩ፣ ደብራችሁን ሳትጠሩ ማን እንደሆናችሁ ግጠሙልኝ» አሉ። እንዴት ያለ ጭንቅ ነበር! የኛ አገር ሰው ማን ነህ ሲባል ማንን ነው የሚጠራው? አንዱ ልጅ ዐሥራ አራት መስመር ገጥሞ መጣ፤ አያቱ አሉበት፣ የአያቱ በቅሎ አለችበት፣ የአያቱ ጠመንጃ አለበት። መምህር ፈንቴ ጨርሰው ሰሙትና «በቅሎዋን ወድጃታለሁ። አንተስ የት ቦታ ቆመህ ነበር?» አሉት። ሌላዋ ልጅ ራሷን ጽጌረዳ አለች፣ ሌላው አንበሳ አለ። «ዛሬ ወርቅ አልፈልግም፤ የነካችሁትን ብቻ ንገሩኝ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥሩወርቅ፣ ዛሬ እጅሽ ምን ነካ?»

«ሰም ነው፣ የኔታ» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ።

«እንግዲያማ ሰም ብለሽ ጻፊ። ሰሙም ሰም ብቻ ይሁን፤ ሌላ ነገር እንዳትደብቂበት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጄ ጠረን አላሳፈረኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፣ እሱን እስከ ዛሬ በሌላ አስተማሪ አላየሁም። ቤተ ክርስቲያን በበዓል ቀን ቅኔ ሲቀርብ አይታችሁ እንደሆነ፣ የተቀኘው ሰው ሁልጊዜ ራሱ አያዜመውም። ድምፅ ያለውን ሰው ከፊት ያቆምና ከጀርባው ሆኖ በጆሮው እየነገረ ያስብለዋል። መምህር ፈንቴ ይህንን ክፍላችን ውስጥ አስገቡት። ግጥም የጻፈ ልጅ ራሱ አያነበውም፤ ለሌላ ልጅ መስመር በመስመር ያንሾካሹካል፣ ያኛው ጮክ ብሎ ይናገራል። «የገዛ ቃላችሁን ከሰው አፍ ስሙት። ያንጊዜ የናንተ ይሁን አይሁን ታውቃላችሁ» ይሉ ነበር። ሲያበቃ ደግሞ ወረቀቱ ይቀደዳል። ቅኔ ቤት የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይቀርብም፣ በየቀኑ አዲስ ነው፤ «ነገ ሌላ ጻፉ፣ አትሰስቱ» ብለው ቅዳጁን በኮታቸው ኪስ ይከቱታል። ስንት ግጥም ያች ኪስ ውስጥ እንደቀረ ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

ለእኔ የደረሰኝ ጌትነት ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ትምህርት ላይ ይህን ያህልም ያልሆነ ልጅ ነው። ድምፁ ግን! ወፍራምም አይደለም፣ ቀጭንም አይደለም፤ ዝም ብሎ ሲናገር ሰው ሥራውን አቁሞ ይሰማዋል። እኔ ከጀርባው አግዳሚው ላይ እንበረከክና በቀኝ ጆሮው አንሾካሹካለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ቆየን። የጆሮውን ጫፍ፣ ከጆሮው በታች ያለችውን ጠባሳ፣ የአንገትጌውን ስፌት እንደ ቤቴ መንገድ አውቃቸዋለሁ፤ ፊቱን በትክክል አይቼው አላውቅም። ውጭ ስንገናኝ ጤና ይስጥልኝ ተባብለን እንተላለፋለን። እዚያ አግዳሚ ላይ ግን የልቤን ሁሉ የምነግረው እሱ ነበር፣ እሱም ከእኔ ተቀብሎ ላገሩ ያሰማዋል። ወደድኩት። ሌላ ምን ልበል? ከዚያ በኋላ ባል አግብቻለሁ፣ ደግ ባል ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፣ ልጆችም ወልጄለታለሁ። እንደዚያ ግን ማንንም አልወደድኩም።

ዓመቱ ሲያልቅ የወላጆች ቀን ደረሰ። ከየክፍሉ አንድ ግጥም ይቀርባል፤ ከኛ ክፍል የእኔ ተመረጠ። ልምምዱ ያው የምሕረት ወረቀት ላይ ያለው ነው፤ ስምህን ሳትጠራ ራስህን ጻፍ፣ መጨረሻው ለማንም ያልተናገርከው ይሁን። የመጀመሪያዎቹን አራት መስመሮች ከጌትነት ጋር ደጋግመን ተለማምደናቸዋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ግን የጻፍኳቸው በዚያው ቀን ጠዋት ነው፣ ጧፍ እያሰርኩ። ለእሱ ናቸው። እንዲሁ ብነግረው አፌን ይይዘኛል፤ ባንሾካሹክለት ግን ልማድ ነው ብዬ ተማመንኩ።

ሜዳው ላይ ዳስ ተጥሏል። ከፊት ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹና ሹማምንቱ ተቀምጠዋል፤ እናቴ ከሴቶቹ መሐል አዲስ ነጠላዋን ለብሳ አለች። ጌትነት ከአጎቱ ልጅ የተዋሰውን ቡኒ ቦላሌ ለብሶ ወጣ፤ አጠረውና ካልሲው ታየ። እኔ ከኋላው ከተሰቀለው አንሶላ ጀርባ ሆኜ፣ በቀዳዳው በኩል ወደ ቀኝ ጆሮው ተጠጋሁ። እየተቀበለኝ እንዲህ አለ፦

ጣቴ ሰም ሰም ይላል፣ ልብሴ ጪስ ጪስ ይላል፣
ስሜን ያልነገሩት በጠረኔ ያውቃል፤
ለየደብሩ ታቦት ብርሃን ሳድል ኖሬ፣
ለራሴ ሳልለኩስ ጨለማ ነኝ ዛሬ።

አምስተኛዋን መስመር አንሾካሾክሁ። ዝም አለ። ያልሰማኝ መስሎኝ ደገምኩለት፣ ስድስተኛዋንም ጨመርኩ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ፤ እንደሰማኝ በዚያ አወቅሁ። ከዚያ ለሰዉ እጅ ነሣና ወረደ። ጭብጨባው ቀለጠ። አንዱ ካህን ብድግ ብለው «ታቦቱን እያገለገለ ራሱን ጨለማ ነኝ ብሎ አዋረደ! ይኼ ልጅ መነኩሴ ይወጣዋል!» አሉ። በዚህ አገር ሰው ፊት ስለ ጧፍ ከተናገራችሁ ከዚያ ሌላ ምን ይታሰባል? ስለ አንዲት ጧፍ ሠሪ ልጅ እጅ የተጻፈ መሆኑ ለማንም አልመጣለትም። ጌትነት ደርዘን ደብተር ተሸለመ። እናቴ ወደ ቤት ስንሄድ «የማን ልጅ ነው? አንጀቴን በላው» አለችኝ። እኔ ወረቀቱን እንደ ሕጉ እየቀደድኩ ነበር የምሄደው።

በማግስቱ መምህር ፈንቴ በረንዳ ላይ አስቆሙኝ። ወረቀቱን አላዩትም፣ ግን በጆሮ ብቻ ያውቁ ነበር። «ግጥሙ አላለቀም። ሁለት መስመር ይጎድላል» አሉኝ። «አንቺ ጋ ነው ያለው?» «የለም፣ የኔታ። እሱ ጋ ነው» አልኳቸው። ቆብ የደፉ ይመስል ራሳቸውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ሄዱ። ጌትነት አንድ ቀን ይናገረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሻይ ቤቱ ጥግ ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል፤ እኔም አዝኜበት መንገድ ቀየርኩ። እምቢ ማለቱ ነው ብዬ ቆረጥኩ። መስመሮቼን በሰው ፊት መናገር አፍሮ ጣላቸው፣ የጧፍ ሠሪ ልጅ ለምን ተመኘችኝ አለ ብዬ። ክረምቱ ሳያልቅ ለመምህርነት ሥልጠና ሄድኩ፣ ከዚያ ቢቸና ተመደብኩ፣ እዚሁ ቀረሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የመምህር ፈንቴን ልምምድ ለልጆች ሰጥቻለሁ። ስንቱን ዐይነ አፋር ልጅ «እኔ» አስብያለሁ! ራሴ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አራቱ መስመሮች ከሰው አፍ ስለሰማኋቸው አልጠፉኝም፣ እናንተም ይኸው አነበባችኋቸው። ሁለቱ ግን ጠፉ። ሐሳባቸውን አልረሳሁትም፤ ምን ልለው እንደፈለግሁ አውቃለሁ። ቃሉ ነው የጠፋኝ። አማርኛ ያስተማረ ሰው ደግሞ ቃሉ ከጠፋ ግጥሙ እንደሌለ ያውቃል። ዕቃ እያጠብኩ ጀምሬያቸው አውቃለሁ፣ አይመጡም። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ የገዛ ልቤን በገዛ ቃሌ ተናግሬ፣ እሱም አንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ጌትነት እዚያው ሞጣ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ እንደሆነ፣ እንዳገባ፣ እንደወለደ ሰምቻለሁ። ለልቅሶም ለሠርግም ሞጣ በሄድኩ ቁጥር በዚያ መንገድ አላልፍም ነበር። የምሕረት ወረቀት ግን አላስቀምጥ አለኝ። ስንት ዓመት ይኖረኛል? ስንትስ ይኖረዋል? መንገዱ ክፍት ነው የተባለበትን ቀን ጠብቄ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከቢቸና ሞጣ ድሮ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን፣ አቧራ ቅመን ነበር የምንሄደው፤ ደብረ ወርቅ ስንደርስ ማን ማን እንደሆነ አንለይም። አሁን አስፋልት ነው። መስኮቱ ላይ ተደግፌ ጤፉን እያየሁ፣ ምን ብዬ እንደምጠይቀው ስለማመድ ሄድኩ። «ያቺን ግጥም ታስታውሳለህ?» ብቻ ልበለው ብዬ ወሰንኩ። ሞጣ ገብቼ ያን ጥግ ፈለግሁት። ሻይ ቤቱ የለም፤ ባለ መስታወት የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ለመናደድ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፣ ልቤ እንደ ልጃገረድ ይመታል፤ በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ።

በረንዳው ላይ ከስፌት ማሽኑ ኋላ ተቀምጦ አገኘሁት። መነጽሩ ወፍራም ነው፣ ጸጉሩ አልቋል፣ ጠባሳዋ አለች። ስሜን ነገርኩት። «እ?» አለኝ። ደገምኩለት። ሚስቱ፣ የሻረግ የምትባል ቀይ፣ ሳቂታ ሴት፣ ከውስጥ ወጥታ «ጮክ ይበሉ እትዬ፤ ጆሮው ሄዷል። በቀኙማ መድፍ ቢተኮስ አይሰማ፤ በግራው ነው ትንሽ ትንሽ» አለችኝ። በቀኙ! በሰው አገር መስክ ውስጥ ብቻዬን የቆምኩ መሰለኝ።

«ጥሩወርቅ ነኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «መምህር ፈንቴ ክፍል አብረን የተማርን!»

ፊቱ በራ። «አንቺ! የጧፍ ሠሪዋ ልጅ!» አለና ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ። «የኔታ ኮት! ያ ኮታቸው ትዝ ይልሻል? ክርኑ ላይ በሁለት ዓይነት ክር የተጣፈ! እኔ እኮ ልብስ ሰፊ የሆንኩት ያን አጣጣፍ አይቼ ነው።» ሳቅን። የሻረግ ጠላ ቀዳችልኝ፣ ዳቦና ማር አቀረበች፤ የሞጣ ማር መሆኑን ሳትናገር አታቀርብም። ስለ ሞቱት ተነጋገርን፣ ስለ ልጆች ተነጋገርን። የወላጆችን ቀን አነሣሁ። «እንዴት እረሳዋለሁ! ቡኒ ቦላሌ ተውሼ፣ አጥሮኝ፣ ካልሲዬ ታይቶ!» አለ።

«ግጥሙንስ?»

«እ?»

«ግጥሙን!»

«ግጥም ነበር እንዴ ያቀረብኩ? መዝሙር አልነበረም?»

ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ በሹክሹክታ የያዝኩትን ነገር በረንዳ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ በገዛ አፌ ጮኼ ተናገርኩት። ጣቴ ሰም ሰም ይላል ብዬ ጀመርኩ። አንድ ባጃጅ ነጂ ዞሮ አየኝ። ጨለማ ነኝ ዛሬ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ፤ ቆምኩና አየሁት። በደግ ፊቱ ሲሰማኝ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ግጥም ነው። የማን ነው?» አለኝ። አላስመሰለም። እውነትም ጠፍቶበታል። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያዘንኩበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቢጠላኝ ይሻለኝ ነበር።

የሻረግ ግን የጠላውን ጣሳ እንደያዘች ቆማ ሳቀች። «አዬ እትዬ፣ እሱ እንኳ ድሮ ግጥም ያውቅ ነበር። አሁን ነው ሁሉን የረሳው» አለች። «ሽማግሌ ሳይልክብኝ በፊት ነው፤ በዚሁ ማሽን ቀሚስ ሰፍቶልኝ፣ ልወስድ ስመጣ እጄን ያዘና ነገረኝ። ‹ይቺን ቃል ለማንም ተናግሬያት አላውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በልቤ ነው ይዣት የኖርኩ፤ ላንቺ ትሁን› አለኝ። እንዴት እረሳታለሁ? በተጣላን ቁጥር እሷን ለራሴ እላትና እበርዳለሁ።» ጣሳውን አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልጅ ሆና እንደሰማችው አድርጋ እንዲህ አለች፦

ከሁሉ አስቀርቼ ይዣለሁ አንድ ጧፍ፣
ቢመሽም ቢነጋም ለአንድ ሰው ደጃፍ።

እነሱ ነበሩ። አንድ ቃል አልጎደለም። ገና «ከሁሉ» ስትል ከንፈሬ አብሯት ተንቀሳቀሰ፤ ማንም አላየኝም። አልጣላቸውም ነበር። በሰው ፊት ያልተናገራቸው ለራሱ ሊያስቀራቸው ኖሯል። ያን ያህል ዓመት በልቡ ይዞ፣ እኔ በሌላ መንገድ ስዞር፣ ላገኛት ሴት ሰጣቸው። ደስ አለኝ፣ ተቃጠልኩም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። የእኔ መሆናቸውን ለማሳወቅ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ዓይኗን አየኋት። ያችን ሴት እኔ ባልነበርኩበት አርባ ዓመት ያሞቃት የእኔ ቃል ነው።

የሻረግ አንድ ነገር የመጣላት መሰለች። «ያንቱም ስለ ጧፍ ነው አይደል? ሰም፣ ብርሃን ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ።

«መምህራችን ነበሩ» አልኳት። «ሁላችንንም ስለ ጧፍ ግጠሙ ብለውን ነበር። ክፍሉ በሙሉ ስለ ጧፍ ነው የገጠመው።»

«እንዲያ ነው!» አለች፣ ፊቷ ፈታ አለ። ከዚያ በተንኰል ጠቀሰችኝ። «ታዲያ የማን ይሻላል? እውነቱን ይንገሩኝ፣ መምህርት አይደሉ።»

«የጌትነት ይሻላል» አልኳት። እሱም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።